የእህቴ ሕመም በድምፅ ማጉያ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ አንዲት አጭር መልእክት አነበብኩና እልል አልኩ። እናቴ እጇ ሳሙና እንደለበሰ ከጓሮ እየሮጠች ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው? ፈተና አለፍሽ?»

«አይ እማ! የሰው ቤት ተቃጥሎ ነው!»

«አብደሻል እንዴ? በሰው ቤት መቃጠል እልል ይባላል?»

«ቆይማ፣ ላንብብልሽ።» አነበብኩላት። «ትናንት ከቀትር በኋላ በአንድ ግቢ እሳት ተነስቶ አንድ ክፍል ተቃጥሏል። ወደ ጎረቤት ሳይዛመት ጠፍቷል። መነሻው ያረጀ የመብራት ገመድ ነው። አንድ ሰው ተጎድቶ ሕክምና እያገኘ ነው። ቤተሰቡ ቆርቆሮ፣ ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ ያስፈልገዋል፤ ለሰፈራችሁ ቅሬ አስረክቡ።»

እናቴ ጠበቀች። «ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ማን ነው የተጎዳው?»

«አላውቅም!»

«ምኑን ነው? ምን ያመዋል?»

«አላውቅም እማ! አልሃምዱሊላህ፣ አላውቅም!»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለችኝ። ማንበብ አትችልም። ግን መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች ወረደች፣ የተደበቀ ስም እንደሚፈልግ ሰው። አላገኘችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና እያለቀሰች ሳቀች።

ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ተጎድቶ ስሙ ገበያ ሳይወጣ ማደሩ ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ለኛ ቤት ግን ሰርግ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም፤ መሀል ላይ ከጮህኩ አፉ በሉኝ።

ይህ የምነግራችሁ ሲሆን አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ብዕር ከሰሌዳ ከመገልበጥ ሌላ ጥቅም እንዳለው አላውቅም ነበር። የአማርኛ መምህራችን ድርሰት ሲያዙን ጓደኛዬ ጽፋ ትሰጠኛለች፣ እኔ ሒሳቧን እሠራላታለሁ። ቤታችን ሦስት ነን። እናቴ የከላላ ልጅ ናት፤ አባቴ አላህ ይዘንለትና ገና ሳልጠግበው ነው የሄደው። ቤቱን የሚያቆመው የታላቅ እህቴ ደመወዝ ነው። እህቴን ሐያት ልበላት። ስሟ ሐያት አይደለም።

ሐያት የሕፃናት መምህርት ናት፤ ኬጂ ታስተምራለች። መንገድ ላይ አብሬያት ስሄድ ልጆች ከየበሩ እየወጡ ቀሚሷን ይጎትቷታል። አንድ ልጅ ነበር፣ ቤቱም ውጭም ቃል የማይተነፍስ። እናቱ ዲዳ ነው ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ሐያት ክፍል ውስጥ «ሀ» ብሎ የጮኸ ቀን እናትየዋ ሐያትን ጉልበቷን ልትስም ወደቀች። ይህን የምነግራችሁ እህቴ ምን እንዳጣች እንድታውቁ ነው።

ሐያት ሕመም አለባት።

ምን ዓይነት? አልነግራችሁም። አሁን ልትጠይቁ አፋችሁን ከፍታችሁ ከሆነ ዝጉት፤ አያገባችሁም። ይህን ያህል ብቻ ልበል፦ አይተላለፍም። መድኃኒቷን ከወሰደች እንደ እኔና እንደ እናንተ ሠርታ ትገባለች። ሰው ግን የሕመሙን ስም ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፣ ወንበሩን ፈቀቅ ያደርጋል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። እናቴ «ያ ነገርሽ» ትላለች፣ እሱንም በሹክሹክታ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መብራት ሲጠፋ ውሎ ድንገት ተመለሰ። ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ክፍሎቹ በአንድ ጣሪያ የተያያዙ ናቸው። ከጎናችን ያለው ክፍል የአከራያችን ዕቃ ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዕቃ ቤቱ ኮርኒስ ጭስ ይወጣል፣ እናቴ ደጅ ቆማ ትጮሃለች። «ሐያት ውስጥ ናት! ተኝታ ነበር!»

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ በባልዲ ውሃ፣ አንዱ በአካፋ አፈር። ብዙም ሳይቆይ የ«ቶሎ ድረስ» አይሱዙ እየጮኸ ደረሰ።

ቶሎ ድረስ ማን እንደሆነ ላስተዋውቃችሁ። በኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ቀብሩን የሚያስፈጽመው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው የሰፈሩ ማኅበር ቅሬ ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በየቅሬው አለ። የሰፈራችን ቅሬዎች ተባብረው አንድ አሮጌ አይሱዙ ላይ ሮቶ ጫኑ፣ ፓምፕ ገጠሙ፣ ወጣቶች አሠለጠኑና ስሙን ቶሎ ድረስ አሉት። እውነቱን ለመናገር፣ ባይኖሩ እህቴ ዛሬ የለችም። ይህን ላሳንሰው አልፈልግም።

በሩን ሰብሮ የገባው ዳዊት የሚባል ልጅ ነው፤ ነርስነት የተማረ፣ የቡድኑ ሕክምና አዋቂ። ሐያትን ታቅፎ ወጣ። እሳት አልነካትም፤ የነደደው ዕቃ ቤቱና የክፍላችን አንድ ጥግ ከነብርድ ልብሱ ነው። ጭሱና ድንጋጤው ግን ያ ነገሯን ቀስቅሶባታል። መሬት ላይ አስተኛትና ቀና ብሎ ጠየቀ፦

«ቤተሰቦቿ የታላችሁ? ሕመም አለባት? የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

እናቴ አየችኝ። በዙሪያችን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው።

«እህቴ፣ ፍጠኝ» አለኝ ዳዊት። «ካላወቅኩ ልጎዳት እችላለሁ።»

ተንበርክኬ በጆሮው ነገርኩት። የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ በዚያ ቀን መውሰድ አለመውሰዷን። ዳዊት ሊያደርግ የጀመረውን ወዲያው ተወና ሌላ ነገር አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ሐያት ትንፋሿ ተስተካከለ፣ ዐይኗን ገለጠች። ጤና ጣቢያ ሲያደርሰን ሐኪሙ «ማን ነው የነገረው?» አለ። ዳዊት ወደ እኔ ጠቆመ። «ጎበዝ። ባትነግሪው ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለኝ ሐኪሙ።

ኮራሁ። እናቴ እንኳ ማታ ግንባሬን ሳመችኝ። ዛሬም ቢሆን እነግረው ነበር፤ ሺህ ጊዜ እነግረዋለሁ። በጆሮው ነው የነገርኩት። ለእሱ ነው የነገርኩት። ይህቺን ያዙልኝ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሐያት ማታውኑ ቤት ተመልሳለች፤ እናቴ እሷ ዘንድ ቀርታ እኔ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴትዮ እየመዘነችልኝ ሳለ የቶሎ ድረስ አይሱዙ ከታች በኩል እየተንቀረፈፈ መጣ። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። እሳት ካጠፉ በኋላ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተቃጠለ ለሕዝቡ ይነግራሉ፤ በቴሌግራምም ይለጥፉታል። ሪፖርት ይሉታል።

የሚናገሩት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ጋሽ እንድሪስን የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቅሬ ለፋፊ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞሩ የሚጠሩ። ለፋፊ ስም አይዘልም። የሟችን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንዳገባ፣ ምን ታሞ እንደሞተ ይጠራል፤ አለዚያ ዘመድ አይሰማም፣ ቀባሪ አይመጣም። ድምፃቸው ሲነሳ ሰው ቤት ውስጥ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ቶሎ ድረስ ሲቋቋም ሪፖርቱን ማን ይሥራ ሲባል ሁሉም «ጋሽ እንድሪስ እያሉ!» አለ።

እና እሳቸው የሚያውቁትን ሠሩ። በሕይወት ያለችውን እህቴን እንደ ሟች ጠሯት።

«ወገኖቼ፣ ስሙኝ! ትናንት እሳት ደርሶባት በአላህ ቸርነት የተረፈችው...» ስሟን ጠሩ። እውነተኛ ስሟን፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። እናቷ የከላላ ልጅ መሆኗን። የት ኬጂ እንደምታስተምር። ከዚያ ሕመሟን ጠሩት። በሹክሹክታ እንኳ በቤታችን የማይጠራውን ስም፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ እየጎተቱ፣ እያዘኑ። መድኃኒቷን ሳይቀር። «ይህች ምስኪን ልጅ ይህን ሁሉ ይዛ ልጆቻችንን ስታስተምር ኖራለች! ጠይቋት! ድረሱላት!»

ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን አስቀመጠች። «ያ ረቢ! ይቺ የኛ ቲቸር አይደለችም?» አለች። «የልጄ ቲቸር እኮ ናት» አለች ደግማ፤ ሁለተኛው አነጋገሯ ግን ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። የመጀመሪያው ሐዘን ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ።

ሮጬ ሰውን አልቀደምኩትም። ቤታችን ደጃፍ ጫማ ሞልቷል። የአገሬ ሰው ደግነቱ ይህ ነው፤ ጠይቁ ከተባለ ይጠይቃል። አንዷ ጠበል ይዛ መጣች። አንድ ሼህ ዱዓ አደረጉላት። አንዱ ከወግዲ ማዶ የሚያውቀው ባለመድኃኒት እንዳለ ነገራት። ሁሉም የሕመሙን ስም ይጠራሉ፤ እንደ ልጅ ስም እየተቀባበሉ። አንዲት ሴትዮ እጇን ይዛ «አብሽሪ ልጄ! የአጎቴም ልጅ ይኸው ነበረባት፤ በሱው ሞተች። አብሽሪ!» አለቻት።

ብስቅ ደስ ባለኝ። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ሰው ሲሳሳ የኬጂው ርዕሰ መምህርት ገባች። ቁጭ በይ ብንላት አልቀመጥም አለች።

«ሐያትዬ፣ እንኳን አላህ አተረፈሽ። መቼም... ወላጆች ትንሽ ደንግጠዋል። ገና ከገበያው እንደተመለሱ ብዙ ልጆችን ከክፍልሽ መጥተው ወስደዋል። ሌላ ክፍል ይዛወሩልን የሚሉም አሉ። እስኪረጋጋ ጥቂት ቀን ብታርፊ?»

«ጥቂት ቀን ማለት ምን ያህል ነው?» አልኳት እኔ።

ርዕሰ መምህርቷ መሬት መሬት አየች። «እስኪረጋጋ» አለች።

ስትወጣ ሐያት ከግድግዳው ሳትዞር ተናገረች። ከገበያው በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ከእሳቱ ወጥቼ ነበር እኮ።»

እኔ እንግዲህ ከዚያ በኋላ እግሬ ይሂድ ራሴ ይሂድ አላውቅም። የቶሎ ድረስ ቢሮ ደርሻለሁ። ቢሮ ይባል እንጂ የቅሬ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ድንኳን ተጠቅልሎ ተደግፏል፣ የለቅሶ ድስት ተደርድሯል፣ የእሳት ማጥፊያው የውሃ ቱቦ መሀል ላይ እንደ ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጋሽ እንድሪስ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የቡድኑ ሰብሳቢ እትዬ ዘውዴ ቆመዋል። እትዬ ዘውዴ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሁልጊዜ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ።

«ነይ ልጄ!» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ ደስ ብሏቸው። «ሰው መጣላችሁ?»

«መጣልን ጋሼ። ሥራዋንም ይዞባት ሄደ።»

የሆነውን ነገርኳቸው። ጋሽ እንድሪስ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ... ይድረሱላት ብዬ ነው እንጂ። የሰው ልጅ ችግሩ ካልተነገረ ማን ያውቅለታል?»

«ቤቷ እንደተቃጠለ ይንገሩ! ብርድ ልብሷን ያቃጠለው ሕመሟ ነው እንዴ?»

«ልጅ» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ «ቀስ። የምታናግሪው አባትሽን የቀበሩ ሰው ናቸው።»

«አባቴ ሞቶ ነበር! እህቴ አልሞተችም!»

«ወይ የዛሬ ልጅ! ነፍሷን ያተረፈ ሰው ላይ ነገር ትፈልጊያለሽ? እሳቱ ውስጥ ብንተዋት ስሟን የሚጠራ አይኖርም ነበር።»

ይህን ስሰማ ዐይኔ ጨለመ። ንገሩኝ እስቲ፣ ከሞት ያወጣህ ሰው አንተን ይገዛሃል? ነፍስህን ካተረፈ ምስጢርህን ሊሸጥብህ ይችላል? ይህን ሁሉ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ለዳዊት ነው የነገርኩት! ለእናንተ አልነገርኩም!» የሚለው ብቻ ነው።

«ዳዊት ሪፖርት ማድረግ አለበት» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ለቡድኑ ካልነገረ ለማን ይነግራል?»

«ለቡድኑ ይንገር። ቡድኑ ግን ለምን ለሽንኩርት ሻጯ ይነግራል?»

እትዬ ዘውዴ ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩን በርግዶ ዳዊት ገባ። ልብሱ በላብ ርሷል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። እኔን አላየኝም። ጓንቱን አውልቆ ድስቶቹ ላይ ወረወረው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ዛሬ ሰው በእጄ ሊሞት ነበር!»

«ምን ሆነህ? እሳት ነው?»

«ማብሰያ ጋዝ ፈንድቶ። ሰውየው ራሱን ስቷል፤ ቃጠሎው ግን ያን ያህል አይደለም፣ ሌላ ነገር እንዳለበት ያስታውቃል። ሚስቱን ጠየቅኳት፤ ሕመም አለበት? መድኃኒት ይወስዳል? አፏን ቆለፈች። ለመንኳት። ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹የዛሬውን በገበያ ሰምቻለሁ፤ የኔንም ባል ልታስነግሩት ነው?› አለችኝ። ሰውየው መሬት ላይ እያጣጣረ! ጤና ጣቢያ ደርሶ በምርመራ ነው የታወቀው። ለትንሽ ነው የተረፈው፤ ለትንሽ!»

እትዬ ዘውዴ ዱቄታማ ቅንድባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ባሰበት።

ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። «የማን ቤት ነው? ሰውየው ማን ነው?»

ዳዊት አያቸው። አየኝ፤ ያን ጊዜ ነው መኖሬን ያስተዋለው። ፊቱ ቀላ። «አልናገርም» አለ።

«ለኔ?»

«ለእርስዎም ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ እንድሪስ የተመቱ ያህል ደነገጡ። በሕይወታቸው «ማን ነው?» ብለው ጠይቀው መልስ ያጡት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለቆባቸው የሚነግሩት ይመስል፣ «እኔ ሰው እንዲደርስ ነበር የምጠራው» አሉ። «ሰው እንዳይደርስ አደረግኩ ማለት ነው?»

እዚህ ጋ አሳዘኑኝ። ንዴቴ ግን አልሄደም። ሁለቱም አንድ ላይ ይኖራሉ፤ ያን ቀን ነው የገባኝ።

«ግን እንዴት ነው የሚሆነው?» አሉኝ ቀና ብለው። «ስም ያልተጠራበት ጥሪ ጥሪ ነው? ‹አንድ ሰው አንድ ነገር ሆነ› ብዬ ልዙር?»

«ወረቀት ስጡኝ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እኔ፣ ድርሰት ጓደኛዋን የምታስጽፍ! እትዬ ዘውዴ ከወፍጮ ቤታቸው ደረሰኝ ጀርባ ቀድደው ሰጡኝ። ድንኳኑ ላይ ተደግፌ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። እሳት ተነስቶ አንድ ክፍል ተቃጥሏል። መነሻው የመብራት ገመድ ነው። አንድ ሰው ተጎድቶ ሕክምና እያገኘ ነው። በቃ።

ጋሽ እንድሪስ ተቀብለው በዚያ ድምፃቸው አነበቡት። አሰልቺ ሆነ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎድሎታል።»

«ምንም አልጎደለውም! ስም የለም፣ ሕመም የለም።»

«እሱማ ጥሩ። ግን ሰው ሰምቶ ምን ያድርግ? ‹አዝኛለሁ› ብሎ ይለፍ? ልጄ፣ ጥሪ እኮ ሥራ ያዛል። ጻፊ፤ ቤተሰቡ ቆርቆሮ ያስፈልገዋል በይ። ብርድ ልብስ በይ። የሚሰጥ ለቅሬው ያስረክብ በይ፤ ቅሬው ያደርሳል። ደጃፍ ድረስ መጥተው እንዳያዩ።»

ጻፍኩ። እሳቸው ናቸው ያሟሉት፤ ይህን ክጄ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ። ደግመው ሲያነቡት እትዬ ዘውዴ «እንዲህ ከሆነማ ይሄዳል» አሉና ወረቀቷን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት። «ለቅሬ ሽማግሌዎች እኔ አቀርበዋለሁ። እስኪወሰን ድረስ ግን ማጉያው ይዘጋ።»

ልወጣ ስል ጋሽ እንድሪስ ጠሩኝ። «ነገ አደባባይ ወጥቼ እህትሽን በይፋ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

«በድምፅ ማጉያ?»

«ታዲያ! ሁሉም እንዲሰማ።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ በነቢ ይዤዎታለሁ! እንዳያደርጉት!»

ዳዊት በዚያ ሁሉ ድካሙ ሳቀ። እሳቸው ግን ግራ ገባቸው። ለእሳቸው ይቅርታም ካልተሰማ ይቅርታ አይደለም።

በማግስቱ ቤታችን መጡ። ብቻቸውን፣ ባዶ እጃቸውን፣ በሩን በቀስታ አንኳኩተው። ሐያት ደጃፉ ላይ ወንበር አወጣችላቸው። ምን ላድርግልሽ አሏት። «ስሜን ይርሱልኝ» አለቻቸው። ጋሽ እንድሪስ በዚህ ሰፈር የሞተን ሰው ሁሉ ስም እስከ ሦስት ትውልድ ያውቃሉ። አንገታቸውን ደፍተው «ረስቻለሁ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኟት «መምህርት» ብቻ ነው የሚሏት።

ግን የተረጨ ውሃ አይታፈስም። የሰማ ሰምቷል። ሐያት ቤት ተቀምጣ ልጆች በደጃፋችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ትሰማለች፤ እናቶቻቸው እጃቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ያልፋሉ። አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ የሥራ ልብሷን ለበሰች። «የት ነው?» አልናት። «የወላጆች ስብሰባ አለ፤ አልተጠራሁም» አለች።

እኔ በመስኮት በኩል ቆሜ ሰማሁ። ፊታቸው ቆማ ስለ ራሷ ልትናገር የመረጠችውን ያህል ተናገረች፤ ምን ያህል እንደሆነ የራሷ ነው። አንድ አባት ተነስቶ፣ «ይቅርታ ግን፣ ልጆቹ ፊት ብትታመሚስ?» አላት።

«እርስዎ ልጅዎ ፊት ታመው አያውቁም?»

«እኔማ... አባቱ ነኝ።»

«እንግዲያው ሲያመዎት ምን እንዳደረገ ይጠይቁት። ውሃ አምጥቶልዎት ይሆናል።»

አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ተነሳች። «የኔ ልጅ ዛሬውኑ ይመለሳል» አለች። ሽንኩርት ሻጯ ነበረች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም ተነሱ። ሁሉም አልተነሱም። ሐያት ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ግን ዛሬም ያልተመለሱላት ልጆች አሉ። ያ «ሀ» ብሎ የጮኸው ልጅ አልተመለሰም። እናቱ በዚያች ጉልበቷን ልትስም በወደቀችባት መምህርት በር ላይ አታልፍም አሁን፤ ዞራ ትሄዳለች። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ብዕሩን ሊሰብረው ይደርሳል።

የቅሬ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተከራከሩ፣ ተከራከሩ። «የተረዳዳነው ገመናችንን ተከፋፍለን ነው» ያሉም ነበሩ። እትዬ ዘውዴ በየስብሰባው ያቺን ዱቄት የነካት ወረቀት እያወጡ ያነባሉ። ያቺ ቀሚስ ለባሽ ልጅ ጻፈችው ሲባል ማንም አላመነም፤ እኔም አላምንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መጻፍ አላቆምኩም። ጓደኛዬ አሁን ድርሰቷን እኔ እንድጽፍላት ትለምነኛለች፤ እምቢ ብያታለሁ፣ ራስሽ ሞክሪው ብያታለሁ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ የዛሬው መልእክት በአዲሱ ደንብ የወጣ የመጀመሪያው ነው። የሰው ስም የሌለበት፣ ቆርቆሮ ግን ያለበት።

እናንተ የምታነቡ፣ ሁላችሁም ማይክሮፎን አላችሁ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አደጋ ቦታ ደርሳችሁ የወደቀውን ሰው ከማንሳታችሁ በፊት የምትቀርጹ፣ እናንተን ነው። በመድኃኒት ቤት ወረፋ «የምኑን ነው የምትወስጂው?» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ የምትጠይቁ፣ እናንተንም ነው። «ለደግ ነው» አትበሉኝ። የጋሽ እንድሪስም ለደግ ነበር፤ ከእሳቸው ይበልጥ ደግ ነኝ የምትሉ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። የሰው ሕመም የሚነገረው ለሚያክመው ነው። ለሐኪም የሚነገርበት በር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የሰማችሁትን እዚያው በሩ ላይ ተዉት። አለዚያ ነገ የእናንተ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ «ምን ያመዋል?» ሲባል፣ ከንፈራችሁን የምትነክሱት እናንተ ትሆናላችሁ።

ይህን ጽሑፍ ሐያት ከመላኩ በፊት አንብባዋለች። ሁለት ቦታ ሰርዛለች፤ ምን እንደነበረ አትጠይቁኝ። ከዚያ አንድ ነገር እንድጨምርላት ነገረችኝ፣ እኔም እንደነገረችኝ አደርሳለሁ።

መካነ ሰላም ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ የደረሰብንም በደል ይኸው ነው። ልጃችሁን ከክፍሏ ያወጣችሁም፣ ገና ልታስገቡ የምታመነቱም፣ አርብ አርብ ጠዋት ክፍሏ ለወላጅ ክፍት ነው። ኑና ከልጆቹ ጋር ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስታስተምር እዩ። ሲደወል ጠጋ ብላችሁ ጠይቋት፤ ልጃችሁ ማንበብ ጀምሯል ወይ፣ ከማን ጋር ይጫወታል፣ ለምን ያለቅሳል፣ ስለ ልጃችሁ የፈለጋችሁትን ሁሉ። ለእናንተ ብቻ፣ ቀስ ብላ ትነግራችኋለች።